የቤተሰብ ፊልሞች አያያዝ፤ በአንድ የሳሪስ አቦ ቤት ምሳሌነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




መሐንዲሶች ሲሰበሰቡ የሚወያዩበት ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ ድልድይ፣ ግድብ፣ መንገድ ወይም የኤሌክትሪክ መሥመር ነው። የዛሬው ርእስ ከእነዚህ ሁሉ አነስ ያለ፣ በአንድ ሳሎን ቡፌ ውስጥ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ ነው። ይኸውም አንድ ቤተሰብ በቪዲዮ ካሴት፣ በቪሲዲና በዲቪዲ ለዓመታት ያጠራቀማቸውን ፊልሞች በአንድ ኮምፒዩተር ሰብስቦ፣ በግቢው ውስጥ ባለው ቴሌቪዥንና ስልክ ሁሉ እንዲታዩ የሚያደርግበት ዘዴ ነው። ይህን አገልግሎት የሚሰጠው ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል። ስሙ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሚያስታውስ ቢሆንም፣ ለአንድ ቤት የሚበቃው ሰርቨር ከአንድ መዝገብ አይበልጥም።

ጉዳዩ ቀላል መስሎ ቢታይም ሥራው የሚሠራበት ጊዜ የተወሰነ ነው። ካሴቱ ያረጃል፤ ማጫወቻው ይበላሻል፤ በምስሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በስም የሚያውቁ አረጋውያንም ያልፋሉ። ስለዚህ ይህ ንግግር ስለ መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ስለ ጊዜውም ጭምር ነው።

ፊልም ወደ ቤት የገባበት መንገድ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። «ሂሩት አባቷ ማነው» የተሰኘው የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም ለሕዝብ የቀረበውም በዚያው ዘመን ነበር። በ1977 ዓ.ም. የቴሌቪዥኑ ሥርጭት ባለ ቀለም ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ግን ፊልም የሚታይ እንጂ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አልነበረም፤ ተመልካቹ ወደ ሲኒማ ቤት ይሄዳል፣ ወይም ጣቢያው የሚያቀርብበትን ሰዓት ይጠብቃል።

ይህን የለወጠው የቪዲዮ ካሴት ነው። የጃፓኑ ጄቪሲ ኩባንያ ቪኤችኤስ የተባለውን ካሴት እ.አ.አ. በ1976 ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ዓመታት ዴኩ ወደ አዲስ አበባ ቤቶች ገባ፤ በየሰፈሩ የሚከራዩ ካሴቶችና ሰው ተሰብስቦ የሚያይባቸው ቪዲዮ ቤቶች ተስፋፉ። ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት በቪዲዮ መቀረጽ ጀመረ። ወደ ውጭ አገር የሄደ ዘመድም በመንገደኛ እጅ ካሴት ይልክ፣ ካሴት ይቀበል ነበር። ቀጥሎ ቪሲዲ መጣ፤ የአማርኛ ፊልሞችም በዚሁ ሲዲ እየታተሙ በየሱቁ ተሸጡ። ከቪሲዲ በኋላ ዲቪዲ፣ ከዲቪዲ በኋላ ፍላሽ እየተከታተሉ መጡ። እያንዳንዱ አዲስ ዕቃ ሲገባ የቀድሞው ከቡፌው ታችኛ ክፍል ይገፋል።

እንደ ምሳሌ በሳሪስ አቦ፣ ከደብረ ዘይት መንገድ ገባ ብሎ ያለ አንድ ግቢ ይታሰብ። በዋናው ቤት አያትና ወላጆች፣ በሰርቪስ ቤቱ ደግሞ ያገባ ልጅ ከነቤተሰቡ ይኖራሉ። በቡፌው ውስጥ 40 የቪዲዮ ካሴት፣ 150 ቪሲዲና 60 ዲቪዲ አለ። ከካሴቶቹ ውስጥ ከፊሎቹ የሠርግና የክርስትና፣ ከፊሎቹ በገበያ ላይ የማይገኙ የአማርኛ ፊልሞችና ቲያትሮች ናቸው። አንዱ ካሴት ላይ ዛሬ በሕይወት የሌሉት አያት ቆመው ሙሽሮችን ሲመርቁ ይታያሉ፤ የእርሳቸው ድምፅ በሌላ ቦታ የለም። እንዲህ ያለ ግቢ በከተማው ውስጥ ብርቅ አይደለም።

ጊዜው ስለማጠሩ

የቪኤችኤስ ካሴት ወርዱ 12.7 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ፕላስቲክ ላይ የተለበጠ የመግነጢስ ዱቄት ነው። ዱቄቱን ከፕላስቲኩ ያጣበቀው ማያያዣ ከጊዜ ብዛት ይደክማል፤ እርጥበት ያገኘው ካሴት ደግሞ ሻጋታ ያወጣል። ሻጋታው በካሴቱ መስኮት ሲታይ ነጭ አመድ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ካሴት ሳያጸዱ ዴክ ውስጥ መክተት ሁለት ጉዳት ያስከትላል፤ አንደኛው ፊልሙ ተጣብቆ ሊበጠስ መቻሉ፣ ሁለተኛው ሻጋታው በማንበቢያው ራስ አማካይነት ወደ ሌሎቹ ካሴቶች መዛመቱ ነው።

ማጫወቻውም ቢሆን ተተኪ የለውም። ዴክ በመሥራት የመጨረሻ የነበረው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ እ.አ.አ. በሐምሌ ወር 2016 ምርቱን አቁሟል። ዛሬ የሚሠራ ዴክ ሁሉ ያገለገለ ዴክ ነው፤ መለዋወጫውም ከሌላ ከሞተ ዴክ ተፈትቶ የሚገኝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ንጽጽር ጉዳዩን ግልጽ ያደርገዋል። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.አ.አ. በ1976 በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የወጣ ሥራ ነው። ይህ ፊልም ከዓመታት በኋላ በኢጣሊያ አገር በቦሎኛ ሲኔቴካ ሊታደስ የቻለው የመጀመሪያው ፊልም ተጠብቆ ስለቆየና የዓለም የፊልም ባለሙያዎች ስለተረባረቡለት ነው። የሳሪሱ የሠርግ ካሴት ግን ኔጋቲቭ የለውም፤ ሊያድሰው የሚመጣ ድርጅትም የለም። ያለው አንድ ካሴት፣ ያለውም ጠባቂ የቤቱ ሰው ብቻ ነው።

ከካሴት ወደ ፋይል

ሥራው ከመጀመሩ በፊት በሁሉም ካሴቶች ጀርባ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ መሰበር ይኖርባታል። ጥርሷ ያለችበት ካሴት በስሕተት ሊቀረጽበት ይችላል፤ በብዙ ቤት የአንዲት ልጅ ክርስትና በእግር ኳስ ጨዋታ ተሸፍኖ የቀረው በዚህች ጥርስ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሥርዓት ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ፓል የተባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት ሲሆን፣ ይህም 625 መሥመርና በሴኮንድ 25 ምስል ነው። ከአሜሪካ የተላከ ካሴት ግን ኤንቲኤስሲ በተባለው፣ 525 መሥመርና በሴኮንድ 30 ያህል ምስል ባለው ሥርዓት የተቀረጸ ነው። ስለሆነም ከዋሽንግተን የመጣው የአክስት ሠርግ በቤቱ ዴክ ሲከተት ምስሉ ቢንቀጠቀጥ ወይም ቀለሙ ቢጠፋ ካሴቱ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ ሁለቱን ሥርዓቶች የሚያነብ ዴክ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ይህን ባለማወቅ የተጣለ ካሴት ቁጥሩ ቀላል አይሆንም።

ካሴት ሲገለበጥ በተቀረጸበት ፍጥነት መጫወት አለበት። አንዱ ካሴት በአማካይ 2 ሰዓት ቢይዝ 40ው ካሴት 80 ሰዓት ይፈጃል፤ በየምሽቱ 2 ሰዓት ቢሠራ 40 ምሽት ማለት ነው። ዲቪ በተባለው የአቀራረጽ ዓይነት አንድ ሰዓት ምስል 13 ጊጋባይት ያህል ቦታ ስለሚይዝ 80 ሰዓቱ 1,040 ጊጋባይት ይሆናል። አንድ ቪሲዲ 700 ሜጋባይት ያህል ነው ቢባል 150ው 105 ጊጋባይት ይደርሳል። ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲ እስከ 4.7 ጊጋባይት ስለሚይዝ 60ው ቢበዛ 282 ጊጋባይት ይሆናል። የሦስቱ ድምር 1,427 ጊጋባይት ነው። ለመመልከቻ እንዲቀል ካሴቶቹ በኤች 264 ዘዴ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት ሆነው ሁለተኛ ጊዜ ቢዘጋጁ 144 ጊጋባይት ይጨመራል። ስለዚህ የቤቱ ጠቅላላ ሀብት በአንድ ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ ይገባል፤ ለሚመጡት ዓመታት ቦታ እንዲኖር ግን ባለ 4 ቴራባይት ቢገዛ ይመረጣል።

በዚህ ስሌት ውስጥ አንድ የሙያ ጥያቄ አለ። የቪኤችኤስ ምስል ጥራቱ ዝቅተኛ ከሆነ 13 ጊጋባይት ለምን ይባክናል? መልሱ፣ የተጨመቀ ፋይል የጎደለውን በኋላ ሊመልስ ስለማይችል ነው። በካሴቱ ላይ ያለው ብናኝና መንቀጥቀጥ ጨማቂውን ፕሮግራም ያሳስተዋል፤ የፊት ገጽታንም አብሮ ያጠፋል። የተሻለ የማጽጃ ዘዴ ነገ ቢገኝ የሚሠራው ባልተነካው ቅጂ ላይ ነው። ካሴት ገልባጭ ሱቆች ከሥራቸው የተጨመቀውን ብቻ አስረክበው ትልቁን ፋይል ሲደመስሱ፣ ደንበኛው ያላወቀው ንብረቱ ይጠፋል ማለት ነው።

ስለ ኮምፒዩተሩና ስለ መብራቱ

ብዙዎች ለዚህ ሥራ ትልቅ ዴስክቶፕ ለመግዛት ያስባሉ። ለሳሪሱ ግቢ ግን ከሥራ የወጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ይሻላል፤ ምክንያቱም ላፕቶፕ ባትሪ አለው። መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፕ በጽሑፍ መካከል ይቋረጣል፤ ላፕቶፑ ግን ሥራውን ይቀጥላል፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲልም ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። ዲስኩም ባለ 2.5 ኢንች ተንቀሳቃሽ ዓይነት ሲሆን ኃይሉን ከላፕቶፑ ስለሚያገኝ አብሮ ይድናል። ባለ 3.5 ኢንቹ የራሱ ገመድ ስላለው መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ይህን ዓይነት የመረጠ ሰው ዩፒኤስ ሊኖረው ይገባል።

የፍጆታውም ልዩነት ትንሽ አይደለም። 15 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ቀንና ሌሊት ቢሠራ በ30 ቀን 10.8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 60 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ ግን 43.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የላፕቶፑ ጉድለት ባትሪው ሁልጊዜ ሞልቶ ሲቀመጥ መነፋቱ ነው። ስለዚህ ማሽኑ የሚፈቅድ ከሆነ ባትሪው ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ ማዘዝ፣ በየጊዜውም ማየት ያስፈልጋል።

መብራት ሲመለስ የሚመጣው የኃይል ዝላይም ሊረሳ አይገባም። መሣሪያዎቹን ሁሉ በአንድ ተራ ዲቫይደር ላይ መደርደር፣ በክረምት መብረቅም ነቅሎ አለመተው፣ የዓመታት ሥራ በአንድ ቅጽበት ያሳጣል። ስታብላይዘርና ከኃይል ዝላይ የሚከላከል ሶኬት የዲስኩን ያህል አስፈላጊ ናቸው።

ስለ አካባቢው ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛ፣ በዚህ መንገድ ከባድ መኪና የሚበዛበትና ፋብሪካም ያለበት በመሆኑ አቧራው ብዙ ነው። ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየርም ሙቀትን ወስዶ የማስወጣት ኃይሉ ያነሰ ነው። ስለዚህ ማሽኑን በዳንቴል ሸፍኖ በተዘጋ ቡፌ ውስጥ ማስቀመጥ ስሕተት ነው። ከወለል ከፍ ብሎ፣ ከጀርባው አየር በሚያገኝ መደርደሪያ ላይ መቀመጥ፣ በየሦስት ወሩም አቧራው መነፋት ይኖርበታል።

ስለ መሥመሩ

ብዙ ሰው ሰርቨር ሲባል ኢንተርኔት የሚፈጅ ይመስለዋል። ፊልሙ ግን ከላፕቶፑ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደው በቤቱ ራውተር በኩል ብቻ ስለሆነ ወደ ውጭ አይወጣም፤ የአገልግሎት ክፍያም አይጨምርም። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቀን እንኳ ፊልሙ ይታያል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ ጀሊፊን ነው። ይህ ፕሮግራም እ.አ.አ. በታኅሣሥ ወር 2018 ኤምቢ ከተባለው ተነጥሎ የወጣ፣ ያለ ክፍያ የሚሰጥና የተጠቃሚውን መዝገብ እዚያው ቤት የሚይዝ ነው።

ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪስ ቤቱ የሚሄደው መሥመር በገመድ ቢሆን ይመረጣል። የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ዋይፋይን ያዳክማሉ፤ የኔትወርክ ገመድ ግን እስከ 100 ሜትር ድረስ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ያስተላልፋል። የዲቪዲ ምስል ከ10 ሜጋቢት ስለማይበልጥ አንዱ ገመድ ለብዙ ተመልካች ይበቃል። ዋናው ጥንቃቄ፣ ፋይሉ ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ሊያነበው በሚችለው ዓይነት መዘጋጀቱ ነው፤ አለዚያ ላፕቶፑ በየጊዜው ምስሉን ለመተርጎም ስለሚገደድ ይሞቃል፣ ፊልሙም ይቆራረጣል። ራውተሩም መብራት ሲጠፋ እንዳይዘጋ ለእርሱ ብቻ የሚሆን ትንሽ ባትሪ ቢኖረው መልካም ነው።

ስለ ፊደልና ስለ ዘመን አቆጣጠር

የውጭ አገር መመሪያ የማይነግረው ችግር እዚህ ላይ ይመጣል። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የፋይሉን ስም አይተው የፊልሙን ታሪክና ሥዕል ከዓለም አቀፍ መዝገብ ያመጣሉ። የአማርኛ ፊልም በመዝገቡ ከሌለ፣ ርእሱ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከሌላ አገር ፊልም ጋር ተመሳስሎ የማይገናኝ ሥዕል ይለጠፍበታል። ስለሆነም ለአማርኛ ፊልሞችና ለቤተሰብ ቀረጻዎች ይህን ፍለጋ ዘግቶ መግለጫውን በእጅ መጻፍ ይገባል።

ፊደልን በሚመለከት የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.አ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ዝርዝር ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ቴሌቪዥኑ ፊደሉን ካላወቀ በባዶ ሳጥን ይታያል። ከዚህ ሌላ የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ አለ። «ፀሐይ» ተብሎ የተመዘገበን ፊልም «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም፤ «ሠርግ»ን «ሰርግ» ብሎ የሚፈልግም እንዲሁ። መፍትሔው ቤተሰቡ አንድ አጻጻፍ መርጦ በዚያ መጽናት፣ ሌላውን አጻጻፍ ደግሞ «የመጀመሪያ ርእስ» በሚለው ቦታ መመዝገብ ነው።

ዘመኑም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ፕሮግራሙ የሚያውቀው የአውሮፓን አቆጣጠር ነው። በ1985 ዓ.ም. የተደረገ ሠርግ እንዳለ «1985» ተብሎ ቢገባ፣ ከእውነተኛው ቀን በ7 ወይም በ8 ዓመት ቀድሞ ይሰለፋል፤ ልጁም ከወላጆቹ ሠርግ በፊት የተወለደ ይመስላል። በቀኑ ቦታ የአውሮፓውን፣ በመግለጫው ውስጥ የኢትዮጵያውን መጻፍ ሁለቱንም ያስማማል።

ስለ ቅጂ

ሰርቨር ማለት ማኅደር ማለት አይደለም። ፊልሞቹ ሁሉ ወደ አንድ ዲስክ ከገቡ በኋላ የቤቱ ሀብት በፊት በ250 ዕቃ ላይ ተበትኖ የነበረው አሁን በአንድ ዕቃ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሥራው እዚህ ላይ ከቆመ አደጋው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሁለት ዲስኮችን እንደ መስተዋት ማያያዝም አይበቃም፤ በአንዱ ላይ በስሕተት የተደመሰሰ ፋይል በሌላውም ላይ ወዲያው ይደመሰሳል። ተቀባይነት ያገኘው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚለው ነው። ለሳሪሱ ቤት አንዱ ዲስክ ከላፕቶፑ ጋር፣ ሁለተኛው ተነቅሎ በቁም ሣጥን፣ ሦስተኛው የማይተኩትን የቤተሰብ ቀረጻዎች ይዞ በሌላ ከተማ ወይም በውጭ አገር ባለ ዘመድ ዘንድ ቢቀመጥ ለደንቡ ይቀርባል። ካሴቶቹም ከተገለበጡ በኋላ መጣል የለባቸውም።

ዲስክ ሳይነገር የሚበላሽ ዕቃ ስለሆነ በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር አለበት። ለእያንዳንዱ ፋይል ኤስኤችኤ 256 በተባለው ስሌት 64 ምልክት ያለው አሻራ ይወጣለታል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ሲሰላ አሻራው ከተለወጠ ፋይሉ ተበላሽቷል፣ ከሌላው ቅጂም ይተካል። ለዚህ ሥራ ከጳጉሜን የተሻለ ጊዜ አይገኝም፤ ቤት የሚጸዳበትና ዓመቱ የሚዘጋበት ወቅት ነውና።

ሕጉን በሚመለከት፣ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል መገልገያ የሚደረግን ነጠላ ቅጂና ለሌላ የሚሠራጭን ቅጂ ለይቶ ያያል። የአማርኛ ፊልም ሠሪው የሚተዳደረው በሥራው ነው። ስለዚህ የቤቱ ሰርቨር ለጎረቤት የሚያከፋፍል፣ በፍላሽ እየገለበጠ የሚሸጥ ሊሆን አይገባም።

ማሽኑ የማያውቀው

ሥራው ሁሉ አልቆ፣ በአንድ እሑድ ቤተሰቡ ቡና ተፈልቶ ሲሰበሰብ፣ የሠርጉ ፊልም በቴሌቪዥን ቢከፈት ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ልጅቱ ወደ መስኮቱ ትጠጋና «እማማ፣ ይቺ ማን ናት?» ትላለች። አያትም «እሷማ የእናትሽ ሚዜ ናት፤ ከበስተኋላዋ ያለው ደግሞ የአክስትሽ ባል፣ ነፍሱን ይማረው» ይላሉ። ይህን የአያት መልስ 4 ቴራባይቱ አልያዘውም፤ ጀሊፊንም አያውቀውም።

ስለዚህ የመጨረሻው ሥራ የደብተርና የእስክሪብቶ ሥራ ነው። ፊልሙ በተከፈተ ቁጥር አንድ ሰው በአጠገባቸው ተቀምጦ ደቂቃውን፣ የሰዎቹን ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ዝምድናቸውንና ቦታውን ይጻፍ፤ በኋላም ወደ መግለጫው ያስገባው። በዚያው ደብተር የይለፍ ቃሉና የዲስኮቹ ቦታ ይጻፍ፤ ሰርቨሩን ያቆመው ልጅ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ቤቱ ከራሱ ፊልም ውጭ ተቆልፎበት እንዳይቀር። ከ40ው ካሴት ሁሉ አስቀድሞ መገልበጥ ያለበትም ምስሉ ያማረው ሳይሆን፣ ሰዎቹን የሚያውቁት ጥቂት የቀሩት ነው።

ለማኅበሩ አባላት የሚቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማኅበሩ ለካሴት ገልባጭ ሱቆችና ለቤተሰቦች የሚሆን አጭር የአሠራር መመሪያ በአማርኛ ቢያዘጋጅ፤ በመመሪያውም ትልቁ ፋይልና የመጀመሪያው ካሴት ለባለቤቱ እንዲመለሱ ቢደነግግ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አባል ከሌላው ቤት በፊት በራሱ ወላጆች ቡፌ ውስጥ ያለውን ካሴት በዚህ ሳምንት አውጥቶ ቢቆጥርና ሻጋታ ያለበትን ቢለይ። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።